ጥር 10 ወይስ ጃንዋሪ 10፦ ከሐዋሳ ሆኖ በዌብ ስታንዳርድ ሥራ የመሳተፍ አሠራር

ሐዋሳ ውስጥ ለአንድ የእንግዳ ማረፊያ ድረ ገጽ ሠርቼ ነበር። ጥምቀትን በከተማችን ሊያከብር የፈለገ አንድ ቤተሰብ በገጹ ላይ ክፍል ያዘ። ለከተራ ሊደርሱ አስበው የቀን መምረጫው ሳጥን ሲከፈትላቸው 10 ቁጥርን ነኩ። ሳጥኑ የያዘላቸው ግን ጃንዋሪ 10ን ነው፤ እሱም በእኛ ጥር 2 ላይ ይውላል። ከስምንት ቀን በኋላ ልጆቻቸውንና ሻንጣቸውን ይዘው ሲደርሱ ክፍሉ ሌላ እንግዳ ነበረበት። ተደውሎልኝ ስሄድ እናትየው በረንዳው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። «ልጄ፣ ከተራ እኮ ጥር 10 ነው፤ ይህን የማያውቅ ሰው አለ?» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

ጥፋቱ በከፊል የእኔ ነው፤ በየትኛው አቆጣጠር እንደሚሠራ ከሳጥኑ አጠገብ መጻፍ ነበረብኝ። የቀረው ግን ከእኔ ኮድ በላይ ነው። ድረ ገጽ የሚጻፍበት የኤች ቲ ኤም ኤል ስታንዳርድ የቀን ሳጥንን ሲደነግግ ዋጋው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ብቻ እንዲመዘገብ አድርጎ ነው። ታዲያ ይህን የጻፈው ማን ነው? እኔስ ከሐዋሳ ሆኜ የት ሄጄ አቤት እላለሁ? መልሱን ለማግኘት ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል፤ መንገዱን እዚህ ያሰፈርሁት ለእናንተ እንዲያጥር ነው።

መጀመሪያ ስታንዳርድ የሚጻፍባቸውን ቤቶች እወቁ

የዌብ ስታንዳርድ፣ ማለትም ድረ ገጾች የሚሠሩበት የጋራ ደንብ፣ የመንግሥት አዋጅ አይደለም፤ አንድ ኩባንያም ብቻውን አይጽፈውም። ተፎካካሪ ኩባንያዎች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና በግላቸው የሚሳተፉ ባለሙያዎች ተሰብስበው ይጽፉታል። ጉልበቱም የሚመጣው ብራውዘር (እንደ ክሮም ያለ የድረ ገጽ መክፈቻ) ሠሪዎች በተጻፈው መሠረት ለመሥራት ሲስማሙ ነው። እነሱ ካልሠሩት ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ይህን በሚገባ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ2004 የሆነው ነው። ቲም በርነርስ ሊ በ1994 ያቋቋመው ደብልዩ ስሪ ሲ የተባለው ጥምረት በዚያን ጊዜ ኤች ቲ ኤም ኤልን ትቶ ወደ አዲስ፣ ጥብቅ ወደሆነ ቋንቋ ለመሻገር ወስኖ ነበር። ብራውዘር ሠሪዎቹ ሞዚላና ኦፔራ ደግሞ በሥራ ላይ ያለው ኤች ቲ ኤም ኤል ይሻሻል ብለው በአንድ ዓውደ ጥናት ሐሳብ አቀረቡ፤ ድምፅ ተሰጠና ተሸነፉ። ከአፕል ጋር ሆነው ዋትዊግ የተባለውን ቡድን መሠረቱና የሚፈልጉትን መጻፍ ጀመሩ። ደብልዩ ስሪ ሲ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ኤች ቲ ኤም ኤል ተመለሰ፤ በ2014 ኤች ቲ ኤም ኤል 5ን አጸደቀ። ለዓመታት ሁለት ቤቶች አንድን ቋንቋ ለየብቻ ሲያርሙ ከቆዩ በኋላ በሜይ 2019 ተስማሙ፤ ኤች ቲ ኤም ኤል በዋትዊግ ቤት ብቻ፣ በየጊዜው የሚታረም ሕያው ስታንዳርድ ሆኖ እንዲጻፍ ተደረገ። የዋትዊግ የበላይ አመራር ዛሬ አፕል፣ ጉግል፣ ማይክሮሶፍትና ሞዚላ ናቸው።

አሁን ማን ምን እንደሚጽፍ። ኤች ቲ ኤም ኤል በዋትዊግ። የገጹን መልክና አቀማመጥ የሚወስነው ሲ ኤስ ኤስ በደብልዩ ስሪ ሲ። ገጹ እንዲያሰላና እንዲንቀሳቀስ የሚያደርገው የፕሮግራም ቋንቋ ጃቫስክሪፕት ኤክማ በተባለው ድርጅት ሥር፣ ቲ ሲ 39 በሚባለው ኮሚቴ። መረጃ በኔትወርክ ላይ የሚጓዝባቸው ደንቦች በአይ ኢ ቲ ኤፍ። ፊደላትና ኮዶቻቸው በዩኒኮድ ኮንሶርሺየም።

ጉድለቱን ወደ ምንጩ መልሱ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ሥራ ይህ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ የተሳሳተ በር ያንኳኳና መልስ ሲያጣ «አይሰሙንም» ብሎ ይተወዋል። በግልጽ እናገራለሁ፦ አብዛኛው ያልተሰማ አቤቱታ የተሳሳተ በር ላይ የተንኳኳ ነው።

ገጹ ላይ ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ከወጣ ጥፋቱ በአብዛኛው የፎንት ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 ቅጂ ነው፤ በ2005፣ በ2010 እና በ2021 ደግሞ ሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች የሚፈልጓቸው ተጨማሪ ፊደላት ገብተዋል። አማርኛ ኮድ ያልተሰጠው ፊደል የለውም ለማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት በነበረው ዘመን በአንድ ሶፍትዌር የተጻፈ የአማርኛ ደብዳቤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይወጣ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው የአንድ የጋራ ኮድን ዋጋ ሳይነገረው ያውቀዋል።

የወር ስም አጻጻፍ፣ የቀን አቀማመጥ ወይም የአገር ስም ስህተት ካያችሁ፣ ለምሳሌ ስልካችሁ የወሩን ስም ማንም በማይጽፈው መልክ ካሳየ፣ ጉዳዩ ሲ ኤል ዲ አር የሚባለው የዩኒኮድ የቋንቋዎች መረጃ ቋት ነው። ብዙ ስልኮችና ብራውዘሮች የአማርኛ ወራትንና ቀናትን የሚወስዱት ከዚያ ነው። ቋቱ በየጊዜው ለተወሰኑ ሳምንታት ለአራሚዎች ይከፈታል፤ ተመዝግቦ እርማት ማስገባትና በሌሎች እርማት ላይ ድምፅ መስጠት ይቻላል። የጃቫስክሪፕት ኮድ መጻፍ ለማይችል የአማርኛ መምህር ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም።

ስታንዳርዱ ትክክል ሆኖ አንድ ብራውዘር ብቻ ካጠፋ ወደ ስታንዳርድ ጸሐፊዎች አትሂዱ። የዚያ ብራውዘር የስህተት መዝገብ አለ፤ እዚያ አመልክቱ። ሁሉም ብራውዘሮች በአንድ ዓይነት መንገድ ካጠፉ፣ ወይም ስታንዳርዱ ስለ ጉዳዩ ዝም ካለ፣ ያኔ ጉዳዩ በእርግጥ የስታንዳርድ ነው።

የእኔ የቀን ሳጥን ሲመረመር ለሁለት ተከፈለ። ሳጥኑ ራሱ የኤች ቲ ኤም ኤል ነው። ቀኑን ከአንዱ አቆጣጠር ወደ ሌላው መመለስ ግን የጃቫስክሪፕት ነው፤ እዚያ ደግሞ ነገሩ ካሰብሁት በላይ ርቆ ሄዶ ጠበቀኝ። ጃቫስክሪፕት አንድን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጽፎ ማሳየት ከቻለ ቆይቷል። ቴምፖራል የተባለውና ቀንን በተለያዩ አቆጣጠሮች ለማስላት የሚያስችለው አዲስ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2021 ከኮሚቴው የማጽደቂያ እርከኖች ሦስተኛው ላይ ደርሷል፤ ፋየርፎክስም በ2025 አካቶታል። የኢትዮጵያ አቆጣጠር ከነአሥራ ሦስተኛ ወሩ ታስቦበታል። እኔ በረንዳው ላይ አፍሬ ስቆም ሌሎች ሰዎች ጳጉሜን እንዴት እንደሚቆጥሩ በስብሰባ ሲከራከሩ ነበር ማለት ነው።

ትንሹን ማሳያ ሥሩ

«ገጼ ተበላሸ» ብላችሁ ሙሉ ድረ ገጽ አትላኩ። ችግሩን ብቻ የሚያሳይ፣ ከአሥር መስመር የማይበልጥ ገጽ ጻፉ። ምስሉን፣ ማስታወቂያውን፣ ከሌላ ቦታ የወሰዳችሁትን ኮድ ሁሉ አውጡና ችግሩ አሁንም መኖሩን እዩ። ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ጥፋቱ የራሳችሁ ሆኖ ይገኛል፤ ያም ትልቅ ትርፍ ነው።

ሁለት ምሳሌ ልስጥ።

አንደኛው የቀን ነው። ለኢትዮጵያ አቆጣጠር ማረጋገጫ ስትሠሩ እነዚህን ቀኖች ፈትኑ፦ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 አለ፤ እሱም ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ነው። ጳጉሜ 6 ቀን 2016 ግን የለም። ጥር 11 በአብዛኛው ዓመት ጃንዋሪ 19 ላይ ይውላል፤ በ2016 ግን ጃንዋሪ 20 ላይ ዋለ፣ ምክንያቱም ከዚያ በፊት የነበረችው ጳጉሜ ስድስት ቀን ነበራት። «ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቀንስ» ብቻ የሚል ኮድ እነዚህን አያልፍም።

ሁለተኛው የሁለት ነጥብ ነው። የሃይማኖት መጻሕፍትን ወይም የቆየ ጽሑፍን ድረ ገጽ ላይ የሚያወጣ ሰው በቃላት መካከል ባዶ ቦታ ሳይሆን ሁለት ነጥብ ያስገባል። በሲ ኤስ ኤስ ውስጥ በቃላት መካከል ያለውን ርቀት የሚያሰፋ ትእዛዝ አለ። ስታንዳርዱም ቃል ለያይ ብሎ ከሚዘረዝራቸው ምልክቶች መካከል የእኛን ሁለት ነጥብ፣ በዩኒኮድ ኮዱ 1361 የሆነውን፣ በስሙ ጠርቶታል። ስለዚህ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር በሁለት ነጥብ ለያይታችሁ ጻፉ፣ ርቀቱን አስፉ፣ በክሮም፣ በፋየርፎክስና በሳፋሪ ክፈቱ። ሁለት ነጥቡ አጠገብ ርቀቱ ካልሰፋ በእጃችሁ የያዛችሁት የስታንዳርዱ ቃልና የብራውዘሩ ሥራ ያልተገናኙበት ማስረጃ ነው። ማንም ሊክደው አይችልም።

ሳፋሪ ያለው ስልክ ከሌላችሁ ተዋሱ። እኔ ቅዳሜ ከሰዓት ሐይቁ ዳር፣ ዋርካው ጥላ ሥር፣ ከሁለት ወጣቶች ጋር ተቀምጬ የሦስታችንን ስልክ በአንድ ላይ እፈትናለሁ። ሦስት ዓይነት ስልክ፣ ሦስት ብራውዘር፤ ቤተ ሙከራው ይኸው ነው። የኢንተርኔት ጥቅል ለመቆጠብም ማሳያው ገጽ ትንሽ መሆኑ ይጠቅማል።

የተባለውን ቀድማችሁ አንብቡ

ዋትዊግ፣ ደብልዩ ስሪ ሲና ቲ ሲ 39 ሥራቸውን በአብዛኛው የሚሠሩት ጊትሃብ በተባለው የኮድ ማጋሪያ ድረ ገጽ ላይ በአደባባይ ነው። ስታንዳርዱ፣ በእሱ ላይ የቀረቡት ጉዳዮች፣ ክርክሩና ውሳኔው ሁሉም ይነበባል። የቀን ሳጥንን የሚመለከት አዲስ ጉዳይ ከመክፈታችሁ በፊት የተዘጉትንም ጭምር ፈልጉ። የተዘጋ ጉዳይ ለምን እንደተዘጋ ማንበብ ከምንም በላይ ያስተምራል፤ ሐሳቡ ለምን እንዳልተወደደ፣ ምን ዓይነት ማስረጃ እንደጎደለው ያሳያል።

ለእኛ የተለየ ነገርም አለ። ደብልዩ ስሪ ሲ ውስጥ የዓለም ቋንቋዎች በዌብ ላይ በትክክል እንዲሠሩ የሚከታተል ክፍል አለ፤ በእሱ ሥር የግዕዝ ፊደል አቀማመጥ ምን እንደሚፈልግ የሚገልጽ ሰነድና የትኛው ነገር እስካሁን እንዳልተሟላ የሚዘረዝር ሌላ ሰነድ በአደባባይ ይጻፋሉ። አራት ነጥብ በመስመር መጀመሪያ ላይ ብቻውን እንዳይወድቅ፣ ዝርዝር በ፩፣ ፪፣ ፫ እንዲቆጠር፣ እነዚህን የመሰሉ ነገሮች የሚታዩት እዚያ ነው። የግዕዝ ቁጥር በሲ ኤስ ኤስ ውስጥ ከነአሠራሩ ተጽፎ ይገኛል፤ አንድ ሰው ተቀምጦ ግዕዝ ዜሮ እንደሌለው፣ መቶው ፻ እና አሥር ሺሁ ፼ እንዴት እንደሚገቡ ስላስረዳ ነው። ሰነዶቹን እንዳነበባችሁ ስህተት ካገኛችሁ አርሙ። ስለ አማርኛ አጻጻፍ ከእናንተ የተሻለ ምስክር የለም፤ ሰነዶቹን የሚያዘጋጁትም ምስክር ይፈልጋሉ።

ጉዳዩን ስትጽፉ

ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፤ ይህን መለወጥ አይቻለንም። እንግሊዝኛችሁ ቀላል ቢሆን ችግር የለውም፤ አጭር ዓረፍተ ነገር ይመረጣል።

መፍትሔውን ሳይሆን ፍላጎቱን አስቀድሙ። «የቀን ሳጥኑ አቆጣጠር መምረጫ ይጨመርበት» ብላችሁ ከጀመራችሁ ክርክሩ ወዲያውኑ ወደ መምረጫው ይሄዳል። «በኢትዮጵያ የሚኖር ሰው ቀጠሮውን፣ በዓሉንና ልደቱን የሚያስበው አሥራ ሦስት ወር ባለው አቆጣጠር ነው፤ የቀን ሳጥን ሲገጥመው ቁጥሩን ከራሱ ወር ጋር ያያይዛል፤ ስለዚህ የተሳሳተ ቀን ይይዛል» ካላችሁ ግን ችግሩ ይጨበጣል። ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ በአጭሩ ተርኩ። እኔ የእንግዳ ማረፊያውን ጉዳይ በአራት ዓረፍተ ነገር ነው የምጽፈው፤ ጥር 10፣ ጃንዋሪ 10፣ ስምንት ቀን፣ በረንዳው።

ማስረጃ አያይዙ። የጋዜጣ ገጽ ፎቶ፣ የመጽሐፍ ገጽ፣ የቀጠሮ ካርድ። በሌላ የዓለም ጫፍ ያለ የስታንዳርዱ አርታኢ ኢትዮጵያ ውስጥ የቀጠሮ ካርድ ላይ ምን እንደሚጻፍ አይቶ አያውቅም። የሰው ስምና ስልክ ቁጥር ግን ሸፍኑ።

ቁጣ አትጻፉበት። ቁጣው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም የሚያነበው ሰው መልስ ሊሰጥ የሚችለው ለሚፈተን ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው

አይ ኢ ቲ ኤፍ ውስጥ ድምፅ አይሰጥም። ከኢንተርኔት ንድፍ አውጪዎች አንዱ ዴቪድ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1992 ነገሥታትን፣ ፕሬዚዳንቶችንና ድምፅ መስጠትን አንቀበልም፤ የምናምነው በግርድፍ ስምምነትና በሚሠራ ኮድ ነው ማለቱ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። በስብሰባ አዳራሽ የሐሳቡን ክብደት ለመለካት ተሰብሳቢው አፉን ገጥሞ ያጉረመርማል፤ ማን እንዳጉረመረመ አይታይም፣ ድምቀቱ ግን ይሰማል። ይህን ሳነብ እዚሁ ሲዳማ የሽማግሌዎችን ሸንጎ አስታወሰኝ። ጉዳይ ሲታይ «አፊኒ» ይባባላሉ፤ ሰማችሁ ወይ ማለት ነው። የተቃወመ ሰው በቁጥር አይዋጥም፤ ተቃውሞው ተሰምቶ መልስ ያገኛል። በእነዚያ ቤቶችም የሚጠበቀው ይኸው ነው። ቲ ሲ 39 ውስጥ አንድ አባል እንኳ በምክንያት ከተቃወመ ሐሳቡ ወደ ቀጣዩ እርከን አያልፍም።

የየቤቱ ሥርዓት ይለያያል። ቲ ሲ 39 ሐሳብን ከዜሮ እስከ አራት ባሉ እርከኖች ያሳልፋል፤ አራተኛው ላይ ለመድረስ የጋራውን ፈተና ያለፉ ሁለት ሥራ ላይ የዋሉ ቅጂዎች ያስፈልጋሉ። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የጃቫስክሪፕት ስታንዳርድ በየዓመቱ ይታደሳል። ደብልዩ ስሪ ሲ ከረቂቅ ወደ ዕጩ፣ ከዕጩ ወደ ጸደቀ ሰነድ ይሸጋገራል፤ በመካከሉ ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽነት፣ ለቋንቋዎች፣ ለግላዊነትና ለደኅንነት ይመረመራል። ዋትዊግ ውስጥ በእርከን ማለፍ ግዴታ አይደለም፤ ነገር ግን አንድ አዲስ ነገር እንዲገባ ቢያንስ ሁለት ብራውዘር ሠሪዎች ፍላጎታቸውን መግለጽ አለባቸው፣ ፈተናም መጻፍ አለበት። ስለዚህ አርታኢው ስለወደደው ብቻ ጉዳያችሁ አይገባም። ብራውዘሮቹን ከሚሠሩት መካከል ሁለቱ «እንሠራዋለን» እስኪሉ ድረስ ትጠብቃላችሁ።

ጥበቃው ረጅም ነው። ቴምፖራል ሦስተኛው እርከን ላይ ከደረሰ በኋላ እንኳ ብራውዘር ውስጥ ለመግባት አራት ዓመት ፈጅቶበታል። በየሦስት ወሩ ጉዳያችሁን ክፈቱ፤ የተጠየቃችሁትን መልሱ፤ አዲስ ማስረጃ ካላችሁ ጨምሩ። «ምን ደረሰ?» ብቻ ብሎ መጻፍ ግን አይጠቅምም።

ፈተና ጻፉ

ከማውቃቸው መግቢያዎች ሁሉ ለጀማሪ ፕሮግራመር የሚበጀው ይህ ነው። ብራውዘር ሠሪዎች የሚጋሩት አንድ ትልቅ የፈተናዎች ክምችት አለ፤ ማንኛውም ሰው ፈተና ጽፎ ሊያቀርብ ይችላል። ከላይ ያየነው የሁለት ነጥብ ማሳያ በትንሽ ለውጥ ፈተና ይሆናል፦ አንዱ ገጽ የሚፈተነው፣ ሌላው ትክክለኛው መልክ፤ ሁለቱ ምስሎች ካልተመሳሰሉ ብራውዘሩ ወደቀ። ፈተናው ተቀባይነት ካገኘ በየዕለቱ ብራውዘሮች ላይ ይሮጣል። የተረሳ አቤቱታ በመዝገብ ይቀራል፤ የወደቀ ፈተና ግን በየቀኑ በቀይ ይታያል።

ጽሑፍ ወደ ስታንዳርዱ ራሱ የምታስገቡ ከሆነ ዋትዊግ የተሳታፊነት ስምምነት ያስፈርማችኋል። ይዘቱ በአጭሩ ያበረከታችሁትን ማንም ያለክፍያ እንዲጠቀምበት መፍቀድ ነው። ደብልዩ ስሪ ሲም እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ስታንዳርዶቹ ያለ ፓተንት ክፍያ እንዲሠሩ የሚያስገድድ ፖሊሲ አለው። በድርጅት ተቀጥራችሁ የምትሠሩ ከሆነ ከመፈረማችሁ በፊት አሠሪያችሁን ጠይቁ።

ክፍያን በተመለከተ፦ የደብልዩ ስሪ ሲ ሙሉ አባልነት ለድርጅቶች ነው፣ ዋጋውም እንደ ድርጅቱ ገቢና እንደ አገሩ ይለያያል። የማኅበረሰብ ቡድኖቹ ግን ለማንም በነጻ ክፍት ናቸው። በአንድ ጉዳይ ላይ የታወቀ ዕውቀት ያለው ግለሰብም በተጋባዥ ባለሙያነት ሊገባ ይችላል።

ስብሰባ ላይ ከተጋበዛችሁ ሰዓቱን በጥንቃቄ አስሉ። በካሊፎርኒያ ጠዋት ሦስት ሰዓት (በእነሱ አቆጣጠር 9 ሰዓት) ማለት ለእኛ በበጋቸው ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ በክረምታቸው ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፤ እነሱ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ያዛውራሉ፣ እኛ አናዛውርም። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል የምትናገሩትን ቀድማችሁ በጽሑፍ ላኩ።

እስከዚያው ገጻችሁን አስተካክሉ

ስታንዳርዱ እስኪታረም እንግዳ በረንዳ ላይ አይቀመጥም። የእንግዳ ማረፊያውን ሳጥን አንስቼ በምትኩ ሦስት መምረጫዎች አስገብቻለሁ፦ ቀን፣ አሥራ ሦስቱ ወራት፣ ዓመት። እንግዳው እንደመረጠ ከሥሩ ሁለቱም አቆጣጠር በአንድ መስመር ይጻፋል፤ «ጥር 10፣ ጃንዋሪ 18» ይላል፤ የሳምንቱ ቀንም አብሮ ይወጣል። ከሁሉም በላይ ስህተት የሚያስጥለው የሳምንቱ ቀን ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ሰው ቀኑን ቢስት ሐሙስ መሆኑን አይስትም። ገጹ በአማርኛ መሆኑን ለብራውዘሩ የሚናገረውን የቋንቋ ምልክትም አስገቡ፤ በአንድ ገጽ ላይ አማርኛና ሲዳምኛ ካሉ ለየክፍሉ የየራሱን ስጡ። ካልተነገረው ብራውዘሩ የትኛውን ፎንትና የትኛውን የድምፅ አንባቢ እንደሚመርጥ አያውቅም።

ማስታወሻም ያዙ። ማን ተሳሳተ፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ስልክ፣ ምን ነክቶ። እኔ ከማረፊያው እንግዳ ተቀባይ ጋር ተነጋግሬ የቀን ስህተት በገጠማት ቁጥር በደብተር እንድትጽፍልኝ ጠይቄያታለሁ፤ ስም አትጽፍም፣ የታሰበውንና የተያዘውን ቀን ብቻ። በሚቀጥለው ጊዜ ጉዳዩን ስከፍት የማያይዘው የዚያን ደብተር ገጽ ነው።